ቀዩን ከፋይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ነገሩን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ አልወደድኳትም። ገና በሩ ላይ ቆማ፣ አፏን ሳትከፍት፣ የእጇን ሥራ ሳላይ አልወደድኳትም። ምክንያቱን ኋላ ፈልጌ አገኘሁለት እንጂ ያን ዕለት ምክንያት የሚባል ነገር አልነበረኝም።

በቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ባለው የስፌት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆራጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አራት የስፌት መኪናዎች፣ በመስኮቱ ሥር ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በሩ አጠገብ ካውያና መተኮሻ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የሚዜ ቀሚስና የመዘምራን ጋውን እንሰፋለን። እኔ ያልቆረጥኩት ጨርቅ ከዚያ ክፍል አይወጣም ነበር። መቀሴን ማንም አይነካውም፤ ወደ ቤቴ ስሄድ እንኳ በፎጣ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤው ነው የምሄደው። ባለቤቴ "እኔ ብጠፋ የመቀስሽን ያህል ትፈልጊኛለሽ?" እያለ ይቀልድብኛል።

አንድ ሰኞ ጠዋት መጋቢያችን ይዟት መጣ። "እህቶች፣ ይቺ እህታችን ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ ትሠራለች" አለን። ቀጭን ናት፤ ዕድሜዋ ሠላሳን ቢያልፍ በጥቂት ነው። ሰላም ከተባባልን በኋላ እጆቿን አጣምራ ቆመችና "ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት" አለች። "ከምሠራበት ሱቅ ጨርቅ ሰርቄ ሦስት ዓመት ታስሬ ነው የወጣሁት። ስፌቱንም በደንብ የተማርኩት እዚያው ነው።"

እኔ ቦርሳዬን ከወንበሩ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። አየችኝ። ያን ጊዜ የግራ ዓይኗ ጠቀስ አለ።

ዓይኗ ተፈጥሮው ነው፤ ስትደነግጥ፣ ስታፍር፣ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ የግራ ሽፋሽፍቷ በራሱ ይርገበገባል። ይህን ለማወቅ አንድ ቀን አብሯት የዋለ ሰው አይቸገርም። እኔ ግን ወንዶችን ትጠቅሳለች ብዬ ፈረድኩ። "ጥቅሻ" የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ስሙ በክፍሉ ውስጥ እንደ ጉንፋን ተዛመተ፤ በወሩ ዘበኛው ሳይቀር "ጥቅሻ ገብታለች?" እያለ ይጠይቅ ጀመር። እሷም አቤት ትላለች። መቼም አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ደግሞ ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

እጇ! ስለ እጇ ባልናገር ደስ ባለኝ። የአዝራር ቀዳዳ በእጅ ስትሠራ ክሩ መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ አይታይም። ያረጀ ኮሌታ ገልብጣ ስትሰፋው ባለቤቱ አዲስ ሸሚዝ የተገዛለት ይመስለዋል። ሁለት ወር ሳይሞላት ደንበኛ ሁሉ "ያቺ ቀጭኗ ትስፋልኝ" ማለት ጀመረ። ታላቅ እህቴ፣ የአንድ እናት ልጅ፣ ለልጇ ሰርግ የምትለብሰውን ቀሚስ በእኔ ፊት አሳልፋ ለእሷ ሰጠቻት። "አንቺ ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነው እኮ" አለችኝ። ሥራ እንዳልበዛብኝ ታውቃለች። ሦስት ሳምንት ስልኳን አላነሳሁም።

የባሰው የባለቤቴ ሱሪ ነው። ጫፉን ላሳጥርለት ወደ ሥራ ይዤው ሄጄ ረስቼው የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። በማግስቱ ሳገኘው ተቀምቅሞ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፏል። ማን እንደሠራው መጠየቅ አላስፈለገኝም። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም። ማታ ባለቤቴ ለበሰው፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሰፋሁለትን አንድም ቀን አይቶ የማያውቅ ሰው እግሩን አንስቶ ጫፉን እያገላበጠ "ይሄን ማን ነው የሠራው? ስፌቱ እኮ አይታይም" አለ።

"እኔ ነኛ! ማን ሊሆን ኖሯል?" አልኩት።

ውሸት ነው። አውቄ ዋሸሁ፤ ያውም ለሱሪ ጫፍ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ከጸሎት ቀርቼ አላውቅም። ረቡዕ ረቡዕ ከእህቶች ጋር ስንጸልይ "ጌታ ሆይ፣ በመካከላችን የተሰወረውን ግለጥ" እያልኩ አለቅስ ነበር። እንባውን ያዩ ሁሉ የጌታ ቤት ሸክም ያለባት አድርገው ይወስዱኛል። ሸክምስ ነበረብኝ፤ ቅናት ነበር እንጂ። ሰው ላይ መፍረድን ለቤተ ክርስቲያን መጠንቀቅ ብዬ ጠርቼ፣ አንጀቴ ባረረ ቁጥር መንፈሳዊ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የሕይወቷን ቀሪ ታሪክ የሰማሁት ከሬዲዮ ነው። ሬዲዮ አዝራር የምትተክለው የሥራ ባልደረባችን ናት፤ ስሙን ያገኘችው የማትናገርበት ሰዓት ስለሌለ ነው። እንደነገረችኝ፣ ጥቅሻ ባሏ ሲሞትባት የሁለት ዓመት ሕፃን ይዛ ቀረች። ከሱቁ የወሰደችው ሁለት ጥቅል ጨርቅ ነው፤ ስትያዝ አልካደችም። ሕፃኗን አማቷ ወሰዱ። ከእስር ወጥታ ልጄን ስትላቸው "አንድ ቦታ አንድ ዓመት ስትሠሪ ልይ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መልካም ሴት ናት ካሉኝ ትወስጃታለሽ" አሏት። ዓመቱ የሚሞላው የመዘምራኑ ሃያኛ ዓመት በሚከበርበት እሑድ ነው፤ አማቷም ልጅቷን ይዘው ሊመጡ ነው።

ይህን አውቄ ነው ኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት። ይህን የምናገረው አላወቀችም ነበር ብሎ የሚያዝንልኝ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

ለበዓሉ አሥራ ሁለት ጋውን ታዘዘ። ጨርቁ ቀይ ከፋይ ነበር፤ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ አባል የሰጡት። ከፋይ ጠጉር አለው። እጅህን ቁልቁል ስታሳልፍበት ይለሰልሳል፣ ሽቅብ ስታሳልፍበት ይሻክራል፤ በአንዱ በኩል ስታየው ደማቅ፣ በሌላው ደግሞ ጥቁር የሚል ቀይ ነው። ስለዚህ የአንድ ልብስ ቁራጮች በሙሉ ጠጉራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን የመቁረጫ ልክ ሽቅብ፣ አንዱን ቁልቁል እያደረጉ ማጠጋጋት ጠጉር በሌለው በፖፕሊን ይቻላል፤ በከፋይ አይቻልም።

ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጥቅሻ ጨርቁን ለክታ ቀና አለች።

"እትዬ፣ ለአሥራ ሁለት አይበቃም። አራት ሜትር ያህል ያንሳል።"

"ለማን ነው የምትነግሪው? አንቺ መርፌ ሳትይዢ እኔ ቆራጭ ነኝ።"

"እሱማ አዎ። ከፋይ ስለሆነ ነው እንጂ። ተገልብጦ አይቆረጥም ብዬ..."

"እያስተማርሽኝ ነው?"

ዓይኗ ተርገበገበ። "ኧረ በጭራሽ" ብላ ወደ ካውያዋ ሄደች።

ጨርቅ ይጨመርልን ብል ልክ ነበረች ማለት ነው። ጠጉሩን ዳበስኩት፤ አጭር ነው፣ አይታወቅም አልኩ ለራሴ። የካርቶን ልኮቹን አንዱን ሽቅብ፣ አንዱን ቁልቁል ደርድሬ፣ አቅጣጫቸውን በጠመኔ ቀስት አመልክቼ፣ መቀሴን አነሳሁ። አሥራ ሁለቱም ወጡ። እጅ የምታህል ቁራጭ ተርፋ "ያው በቃ!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ እንድትሰማ። ከዚያ ቁራጮቹን ሳለይ እያቀላቀልኩ አሰርኳቸው።

ሰፊዎቹ ጨርቁን በውስጥ በኩል ነው የሚያዩት፤ ምንም አልታወቃቸውም። ሐሙስ ዕለት ግን ጥቅሻ ስትተኩስ ከጀርባዬ መጥታ "እትዬ፣ አንዴ ቢያዩት" አለችኝ በዝግታ። "ተኩሺ!" አልኳት። ዞሬም አላየሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መዘምራኑ አዳራሹ ውስጥ ለብሰው ቆሙ። ሳያቸው ክው አልኩ። የአንዷ ደረት ደማቅ ጀርባዋ ጥቁር፤ የሌላው አንዱ እጅጌ ደማቅ ሌላው የጠየመ። አሥራ ሁለት አዲስ ጋውን አሥራ ሁለት የተጣፈ ልብስ ይመስላል። ባለ ወፍራም ድምፁ ዘማሪ ራሱን ቁልቁል አየና "እኔ እኮ ግማሼ ንስሐ የገባ፣ ግማሼ ገና ያልገባ ሆኛለሁ" አለ። ሁሉም ሳቀ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን አልሳቁም። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ እኛንም እንደ ተማሪ ነው የሚያዩን።

"ይኼ ምንድን ነው? ማን ነው ያበላሸው?" አሉ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በዓይኔ ላይ ሄደ። አፌ ከእኔ ቀደመ። "ተኩሱ ነው" አልኩ። "ከፋይ በፊቱ ከተተኮሰ ጠጉሩ ይተኛል።" ሐሰት እንዳይባል እንኳ ከእውነት ጋር የተሰፋ ነው፤ ከፋይ በፊቱ ከተተኮሰ በእርግጥ ይበላሻል። እሷ ግን ፎጣ ዘርግታ በጀርባው ነበር የተኮሰችው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

"ማን ተኮሰው?"

ስሟን አልጠራሁም። ዞር ብዬ አየኋት፤ ያ በቃ።

ጥቅሻ አጠገቧ የቆመችውን ዘማሪት እጅጌ በመዳፏ ሽቅብ ዳበሰች፣ ቁልቁል ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አወቀች። ድሮም ታውቃለች። አሁን ትናገራለች አልኩ። አልተናገረችም፤ አንገቷን ደፋች። ሰብሳቢው "ከነገ ጀምሮ አትምጪ፤ ጉዳይሽን ኮሚቴው ያየዋል" አሏት። መጋቢያችን ለአገልግሎት ርቆ ሄዶ ስለነበር የሚያማልዳት አልነበረም። ሬዲዮ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ቤቴ ሄድኩ፤ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ምግብ እንኳ አልዋጥልሽ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በፊት ወጣሁ። ልናዘዝ አይደለም። በጠረጴዛው ሥር የቀረው ቁርጥራጭ ላይ የጠመኔ ቀስቶቼ ግማሹ ሽቅብ፣ ግማሹ ቁልቁል ናቸው፤ ስፌት የሚያውቅ ሰው ቢያይ ጉዴ ይፈላል። እሱን ላጠፋ ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ዘበኛው "ጥቅሻ ቀድማሽ ገብታለች" አለኝ።

ያዝኳት! አልኩ በልቤ። ከተባረረች ቀን እንኳ አልሞላትም፣ ልትሰርቅ መጣች። እየሮጥኩ በሩን በረገድኩት።

ወለሉ ላይ አንሶላ አንጥፋ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ቀይ ከፋይ ሞልቶታል። በምላጭ ስፌቱን እየተረተረች ቁራጮቹን በሁለት ክምር ትለያለች፤ አራት ጋውን ጨርሳለች።

"አትምጪ አልተባልሽም?" አልኩ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

"ተብያለሁ፣ እትዬ። ለነገ ካልደረሰ ግን ለማን ይሆናል ብዬ ነው። ይዩት፤ ጠጉሩ ሽቅብ የሆነው ግማሽ ነው፣ ቁልቁል የሆነው ግማሽ። ሲታሰር ስለተቀላቀለ ነው እንጂ ብንለየው ስድስቱ ደማቅ፣ ስድስቱ ጠቆር ያለ ይሆናል። ደማቆቹ ከፊት፣ ጠቆር ያሉት ከኋላ ቢቆሙ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆራጭ የሆንኩት እኔ አላሰብኩትም። እሷ አሰበችው። ዓይኔን ከእሷ ነቅዬ ጠረጴዛው ሥር አየሁ፤ ባዶ ነው።

"ቁርጥራጩስ?"

"ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ዘበኛው ከቆሻሻው ጋር እንዲያቃጥለው ሰጠሁት። ቀስቱ ይታያል ብዬ።"

ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። በዚህ ዓለም ላይ እሷ እንዳላጠፋች የሚመሰክርላት ነገር ያ ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ለመጋቢያችን ብታሳየው ልጇን ታገኛለች፣ እኔ እዋረዳለሁ። በእጇ ሰብስባ አቃጠለችው።

"ለምን?" አልኳት።

ምላጩን አስቀመጠች። "ፍርድ ቤት ቆሜ ሰው ሁሉ ሲያየኝ አስታውሳለሁ፣ እትዬ። ያ ነገር እርስዎ ላይ እንዲደርስ አልፈለግሁም። እኔ ለምጄዋለሁ፤ እርስዎን ግን ይሰብርዎታል።"

እዚህ ላይ አለቀስኩ፣ እግሯ ላይ ወደቅሁ ብል ያምርልኝ ነበር። አላደረግሁትም። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ንዴት ነው። ስፌቷ አልበቃ ብሏት በይቅርታም ልትበልጠኝ ነው! ደግነቷን ቀናሁባት። ሃያ ምናምን ዓመት በጌታ ቤት ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። እሷ ከእስር ቤት በወጣች በዓመቷ ከየት አመጣችው?

ጫማዬን አውልቄ አንሶላው ላይ ተቀመጥኩና አምስተኛውን ጋውን ሳብኩ።

እስከ ምሳ ስንተረትር፣ ከምሳ በኋላ ስንሰፋ ዋልን። ምላጯ ሲደነዝዝባት አየሁ። መቀሴን ከፎጣው አውጥቼ በአንሶላው ላይ ገፋ አደረግሁላት። አነሳችው፤ ሁለቴ ከፍታ ዘጋችውና "ስለቱ ደስ ሲል" አለች። እንደ ልማዴ ቀናሁ፤ ያም ሆኖ መልሺ አላልኳትም።

"ልጅሽ ነገ ትመጣለች?" አልኳት፣ ዓይኔን ከስፌቱ ሳላነሳ።

"አማቴን ይቅሩ ልላቸው ስደውል ነበር። ስልካቸው አይነሳም።" ሽፋሽፍቷ ተርገበገበ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም እንደማትጠቅስ አየሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ ሁለቱም ማንጠልጠያ ላይ ነበሩ።

እሑድ መዘምራኑ ደማቆቹ ከፊት፣ ጠቆር ያሉት ከኋላ ሆነው ሲቆሙ ሕዝቡ አጨበጨበ። ከጉባኤው በኋላ ሰብሳቢው ግቢው ውስጥ ያዙኝና እጄን ጨበጡኝ። "ያቺ ያበላሸችውን እንዲህ አድርገው አዳኑልን! የእርስዎ እጅ መቼም!" አሉኝ። ስጠብቀው የኖርኩት ሙገሳ ነበር።

በዚያው ቅጽበት አማቷ መጡ። ከባድ ሴት ናቸው፤ ነጠላ ጫማ ያደረገች የስድስት ዓመት ልጅ በእጃቸው ይዘዋል። ጥቅሻ ከግድግዳው ተጠግታ ቆማለች፤ ወደ ልጇ አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመደችም።

"ዓመቷን በደህና ጨርሳለች ወይ?" አሉ አማቷ፣ ሰብሳቢውን።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ... እውነቱን ለመናገር ዓርብ ዕለት ከሥራ አግደናታል። ውድ ጨርቅ..."

አማቷ የልጅቷን እጅ ጠበቅ አደረጉ። መናገር አይጠበቅብኝም ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ብል ትሄዳለች፤ ክፍሉ፣ ጠረጴዛው፣ ደንበኛው፣ እህቴ ሳትቀር ወደ እኔ ይመለሳሉ። ያን ሁሉ ረቡዕ የጸለይኩት ይኸው ተመለሰልኝ ማለት ነው። ጥቅሻም እያየችኝ ነበር፤ ተናገሪልኝ የሚል ነገር በፊቷ ላይ አልነበረም። እሷ አስቀድማ ትታልኛለች።

"ቀዩን ከፋይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"እሱማ እናውቃለን" አሉ ሰብሳቢው።

"አያውቁም። ገልብጬ ነው የቆረጥኩት። አይሆንም ብላ ነግራኛለች፣ በእልክ ቆረጥኩት። ተኩሷ ምንም አላጠፋም፤ ዋሽቻለሁ። ያዳነችውም እሷ ናት።" ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ሰው ዞር ዞር አለ። ወደ አማቷ ዞርኩ። "እማማ፣ ዓመቱን ሙሉ ክፉ ስፈልግባት ነበር። እኔ ፈልጌ ያጣሁትን ማንም አያገኘውም።"

ሬዲዮ አፏን ከፍታ ቀረች፤ በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው ዝም ያለችው። አማቷ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩዋት። ከዚያ የልጅቷን እጅ ለቀቁና "ልብሷን ነገ አመጣለሁ" አሉ።

ኮሚቴው ከቆራጭነት ለሦስት ወር አነሳኝ። ጠረጴዛው ላይ እሷ ቆመች፤ መቀሴንም አዋስኳት። ሦስቱ ወር ሲያልቅ "ይምጡ፣ ቦታዎ ነው" አለችኝ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ለሁለት ነው የምንሠራው፤ ከፋይ ሲመጣ እሷ ትቆርጣለች። ሬዲዮ በድሮው ስም ስትጠራት "ስም አላት" እላታለሁ። ዳንሽ ወይ ብትሉኝ አልዳንኩም፤ ደንበኛ በእኔ አልፎ ወደ እሷ ሲሄድ ዛሬም ሆዴን ይቆርጠኛል። ያን ጊዜ ብድግ ብዬ መብራቱን ወደ እሷ በኩል አዞርላታለሁ። ሌላ መድኃኒት አላገኘሁለትም።

የዚያን እሑድ ግን ነገሩ ግቢው ውስጥ አላለቀም። ባለቤቴ ሁሉንም ቆሞ ሰምቷል። ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እግሩን አንስቶ የሱሪውን ጫፍ አየ።

"ይሄስ?" አለኝ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬ መጥቼ፣ የሱሪው ከከፋዩ ከበደኝ።

"እሷ ናት" አልኩት።

"አውቄያለሁ" አለ። "አንቺ እንዲህ ቀምቅመሽ አታውቂም።"

አንጀቴ እርር አለ። እሱ መሳቅ ጀመረ፤ እኔም እንዳረርኩ ሳቅሁ።